ማንጎውን የሚዞረው የድንጋይ መንገድ

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቀው ግቢያችን፣ ከውጭ በር እስከ ጓሮው ማድ ቤት ያለው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በላዩ ቀጥ ያለ መንገድ አንጥፌ ነበር፤ ሆኖም በማንጎው ሥር ላይ ስላሳለፍሁትና የዳር ድንጋይ ስላልሠራሁለት፣ በሁለተኛው ክረምት አሸዋው ታጥቦ ድንጋዮቹ ተንጋደዱ። እናቴም በአንዱ ተደናቅፋ ወደቀች። ጉዳቷ ቀላል ቢሆንም ስሕተቱ የእኔ ስለ ነበር ለረጅም ጊዜ ከነከነኝ።

አዲሱን የጀመርሁት በኅዳር፣ ዝናቡ ቆሞ አፈሩ ግን እርጥበቱን ሳይጨርስ ነው። የአትክልት ማጠጫውን ጎማ መሬት ላይ ዘርግቼ እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ማድ ቤት እንድትሄድ ለመንኋት። «እኔ እኮ በዚህ ነው የምዞረው ልጄ» አለችና ጎማውን በእግሯ ወደ ውጭ ገፋችው። ሰው በልማዱ የሚዞርበትን ትቶ ለዓይን ብቻ የሚያምር ኩርባ ማውጣት፣ በሣሩ ላይ ሌላ የእግር መንገድ ማስከፈት ነው ብዬ አምናለሁ። በጎማው መስመር ላይ ከምድጃ የወጣ አመድ በተንሁ፤ ከዚያም በግንዱ ላይ ላላ አድርጌ ባሰርሁት ሲባጎ ቅስቱን አስተካከልሁ።

ቁፋሮው 25 ሳንቲ ሜትር ነበር፦ 12ቱ በሁለት ዙር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ 3ቱ አሸዋ፣ 10ሩ ድንጋዩ ራሱ። ሲሚንቶ አልተጠቀምሁም፤ የሚያብጥና የሚኮማተር አፈር ላይ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፣ በአሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ግን ተነሥቶ እንደ ገና ይነጠፋል።

ዋናው ችግር ኩርባው ላይ ነው። የውስጡ ዳር ከግንዱ መሐል 3 ሜትር፣ የውጭው ደግሞ 4 ሜትር ስለሚርቅ፣ በሩብ ክብ ውስጥ የመጀመሪያው 4.71፣ ሁለተኛው 6.28 ሜትር ይረዝማል። ድንጋዩ ከነመጋጠሚያው 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን ቢባል፣ በውስጥ 47 ገደማ ሲበቃ በውጭ 63 ገደማ ያስፈልጋል፤ ረድፎቹን እኩል ቁጥር ለመስጠት የሚሞክር ሰው በውጭው በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተርፈዋል። አብሮኝ የሠራው ወጣት ድንጋይ አንጣፊ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን እንለየው» ብሎ፣ ጥቁሩን ድንጋይ በመጠኑ ሦስት ቦታ ከመረ። ትንንሾቹን ወደ ማንጎው፣ ትልልቆቹን ወደ ውጭ አደረግን፤ አንድ ጎናቸው የጠበበውንም ጠባቡን ወደ ግንዱ አዙረን አስቀመጥን። ያልገጠመውን እሱ በመሮ ይፈልጠዋል፣ እኔ በጎማ መዶሻ እመታለሁ። ከሥሩ ባዶ የቀረበት ድንጋይ ሲመታ ድምፁ ልክ እንደ ባዶ እንስራ ነው፤ አሸዋው ሲደርሰው ድምፁ ይደፈናል። ያን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ከአንዱ ወደ ሌላው አላለፍንም።

የዳር ድንጋዮቹን በጥልቀት ቀበርን፤ ዋልካ ውኃ ስለሚያቁርና ማንጎውም የቆመ ውኃ ስለማይወድ፣ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭው ዳር አዘነበልን።

በሐምሌ መጋጠሚያዎቹ ጥቂት ጎደጎዱ፣ ሁለት ጊዜ አሸዋ ሞላሁባቸው። በማድ ቤቱ ደፍ አጠገብ ሁለት ድንጋዮች ሰርገዋል፤ መስከረም ሲጠባ አንሥቼ ሥራቸውን አስተካክላለሁ።