ከስምንት ዓመት በኋላ ፀጉር ቤት ስገባ

ለስምንት ዓመት ያህል ፀጉሬን የቆረጥሁት እኔው ራሴ ነበርሁ። ይህን ልማድ የተውሁት ድግስ ገጥሞኝ ወይም ሰው ነቅፎኝ ሳይሆን በ2016 ክረምት ቀኝ ትከሻዬ ተይዞ ክንዴን ከጆሮዬ በላይ ማንሳት ስላቃተኝ ነው። ነጠላ መልበስ ሳይቀር በሰው እርዳታ በሆነበት ወቅት መቀስ ይዤ ወደ ማጅራቴ መዞር የማይታሰብ ነበር። ሁለት ወር ታግሼ፣ ጫፉ ተሰነጣጥቆ በሚዶ አልበጠር ሲል ወደ ፀጉር ቤት መሄድ ግድ ሆነብኝ።

ፀጉር ቤት ያስጠላኝ ምክንያት ግን ቀላል አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. ሪላክሰር የተባለውን ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ተቀብቼ በተቀመጥሁበት የራስ ቆዳዬ ማቃጠል ጀመረ፤ ብናገርም «ትንሽ ቻይው፣ ሲያቃጥል ነው የሚይዘው» ተባልሁና ቻልሁት። ማታውን ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ቆዳ ውሃ ቋጠረ፤ ከሳምንት በኋላም እከክ ሆነና ፀጉሩ እየተበጠሰ በእጄ ይቀር ጀመር። ኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ሪላክሰር ኃይለኛ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ይህን የሚለካው ቁጥር ፒኤች ሲባል የቆዳችን 5 ተኩል አካባቢ ሲሆን የእርሱ ግን ብዙ ጊዜ ከ12 በላይ ነው። ፀጉሩን የሚያለሰልሰው የፀጉሩን ቅርጽ አጥብቆ የያዘውን ውስጣዊ ትስስር በማፍረስ ስለሆነ ሥራውን ለመሥራት ቆዳ ማቃጠል አያስፈልገውም። ማቃጠሉ የመያዙ ምልክት ሳይሆን ቆዳው እየተጎዳ መሆኑን የሚናገር ነበርና ያን ዕለት «አሁኑኑ እጠቡልኝ» ብዬ መነሳት ነበረብኝ።

የተረፈውን ፀጉር በእናቴ የልብስ ስፌት መቀስ በአጭሩ ቆረጥሁት። ከዚያ ወዲያ የበቀለው የራሴ ጥቅልል ፀጉር ስለነበረ ደስ አለኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካውም ለራሴ ቃል ገባሁ። በመጋቢት 2012 ኮቪድ ወደ ሀገራችን ገብቶ ሰው ሁሉ ፀጉር ቤት መሄድ ሲፈራ ደግሞ እኔ ከዓመታት በፊት የተዘጋጀሁ ብልህ መስዬ ታየሁ፤ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም አስተማሪ ሆኜ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያስተማርኋቸውን ይቅርታ ብጠይቅ ይሻለኛል።

ዘዴዬ ይህ ነበር። ፀጉሬን አርጥቤ አራት ቦታ እከፍለዋለሁ፤ የኋላውን በየትከሻዬ ላይ ወደ ፊት አምጥቼ፣ አጥብቄ ስቤ፣ ደረቴ ላይ በጣት ለክቼ እቆርጣለሁ። በመስታወት ስመለከተው ሁሌም እኩል ነበር፤ የምመለከተው ግን ከፊት ያለውን ብቻ ነው።

ወደ ባለሙያ ለመመለስ ስወስን ፍርሃቴ ስላልለቀቀኝ በአንድ ጊዜ ራሴን አሳልፌ አልሰጠሁም። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ፀጉር ቤት በመጀመሪያ የሄድሁት ለመታጠብ ብቻ ነበር። ተራዬን ስጠብቅ ሚዶዎቹ ከሰው ወደ ሰው ሳይታጠቡ ያልፉ እንደሆነ፣ ፎጣው ይቀየር እንደሆነ፣ ደንበኛ «አቃጠለኝ» ስትል ምን እንደሚደረግ ተመለከትሁ። አንዲት ወጣት የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆና ሙቀቱ እንደበዛባት በእጇ ስታመለክት ባለሙያዋ የያዘችውን ሥራ ትታ ሄዳ ቀነሰችላት፤ እኔን የወሰነኝ ይህ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ተመለስሁ። ዓርብ፣ ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ፀጉር ቤቶች ስለሚጨናነቁ ባለሙያዋ ለአንድ ራስ የምትሰጠው ጊዜ ያጥራል፤ የማያውቀኝ ሰው ሲቆርጠኝ ደግሞ እንዲቸኩል አልፈለግሁም።

ባለሙያዋ ከመታጠቤ በፊት ደረቁን ፀጉሬን በጣቶቿ ከፈል ከፈል አድርጋ ዙሪያውን አየችው፤ ከዚያ «የኔ እናት፣ ራስሽ ነሽ አይደል የምትቆርጪው? በቀኝ እጅሽ» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ማን እንደነገራት ጠየቅኋት። ፎቶ አንስታ ስታሳየኝ ጀርባዬ ላይ ፀጉሬ እንደ ምላስ ሾሎ ወርዷል፤ የግራው ጎን ደግሞ ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል። ምክንያቱን ስታስረዳኝ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልታየኝ ነገር በደቂቃ ገባኝ። የኋላው ፀጉር ወደ ፊት ሲጎተት ከመሐል ጀርባ የሚመጣው ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ደረት ላይ ከሌላው ጋር እኩል ቢቆረጥም ወደ ቦታው ሲመለስ ረዝሞ ይገኛል። ቀኝ እጅ ደግሞ ወደ ግራው ጎን ለመድረስ ፊትን አቋርጦ ስለሚሄድ መቀሱ ይንጋደዳል።

ጥቅልል ፀጉር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እርጥብ ሆኖ ሲሳብ ይረዝማል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የሚሰበሰበውም በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። የእኔ አናቴ ላይ ያለው ጥብቅ ስለሆነ ከግማሽ በላይ ያጥራል፤ ማጅራቴ ላይ ያለው ግን ላላ ያለ ነው። እኔ እርጥቡን ስቤ እኩል በማድረጌ ደረቁን እኩል ያልሆነ አድርጌው ኖሬአለሁ። መቀሴንም ጠየቀችኝ። ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ መቀስ ስለቱ ስለሚደነዝ ፀጉሩን በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው ጫፍ ደግሞ ይሰነጠቃል። በየሦስት ወሩ «የተሰነጠቀውን ላስወግድ» ብዬ ስቆርጥ አዲስ መሰንጠቂያ እያበጀሁ ነበር ማለት ነው።

«ጫፉን ብቻ» ልላት ስል አቆመችኝና ስንት ጣት እንደሆነ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። እኔ አንድ ጣት ብዬ ነበር፤ እርሷ አንዱን ጥቅል ዘርግታ ስንጥቁ እስከ የት እንደወጣ አሳየችኝና በሦስት ጣት ተስማማን። የሰው ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚያድግ የስድስት ወር ገደማ ዕድገቴን እንደምሰጥ እያወቅሁ ነው እሺ ያልሁት። ለፀጉር ቤት አዲስ የሆነ ሰው ከእኔ አንድ ነገር ቢወስድ ይህን ቢወስድ እወዳለሁ፤ «ትንሽ» የሚለው ቃል በባለሙያና በደንበኛ መካከል አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም፤ ጣት ግን አይዋሽም። ዋጋውንም በዚያው ሰዓት ጠየቅሁ፤ ማጠቢያው፣ ትሪትመንቱና መቁረጫው ለየብቻ የሚታሰቡ መሆናቸውን ሳልሰማ ብቀር ኖሮ ስወጣ እደነግጥ ነበር።

መታጠቢያው ላይ አንገት ወደ ኋላ ማዘንበል ለታመመ ትከሻ ስለሚከብድ ፎጣ አጣጥፋ ከሥሬ አደረገችልኝ፤ ሕመሜን ቀድሜ ባልነግራት አታውቅም ነበር። ከዚያ ካስክ ገብቼ ጥቂት እንደቆየሁ መብራት ጠፋ። ቤቱ ውስጥ የነበርን ሁሉ የለመድነውን ዓይነት ትንፋሽ አወጣን፤ እርሷ ግን ወንበሬን ወደ በሩ አስጠጋችና ፀጉሬ በንፋስ እስኪደርቅ ጠበቅን፤ እስከዚያው ቡና ተፈላ። በቀን ብርሃን፣ ፀጉሬ በራሱ ጥቅልል ላይ እንዳለ፣ አንድ አንዱን እያነሳች ቆረጠችው። መብራት ባይጠፋ እንዲህ ጊዜ ወስዳ ትሠራው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

ስትጨርስ መብራት መጣና ፀጉር በሙቀት የሚያስተካክለውን ፒያስትራ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔ ተውሁት። አንዳንዱ ፒያስትራ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ገና እርጥበት የያዘ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ ፀጉሩን ይጎዳዋል። ደግሞም ሙቀት የሚያስተካክለው ፀጉር እርጥበት ሲያገኝ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ በክረምት አመሻሽ ሐይቁ ዳር የተራመደች የሐዋሳ ሴት ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋትም። ቅቤ መቀባቴንም አልነቀፈችም፤ ከመታጠቤ በፊት ባለው ሌሊት እንድቀባውና የራስ ቆዳዬ ላይ እንዳላከማቸው ብቻ መከረችኝ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ወደ ሰፈሬ ወደ አቶቴ ስመለስ እጄ ከማጅራቴ አልተነሳም ነበር፤ ስምንት ዓመት አይቼው የማላውቀውን ቦታ በጣቴ እያነበብሁ። ተመለሽ ያለችኝ ከሦስት ወር በኋላ ነበር፤ ስሜንም በደብተሯ ላይ ጻፈች። በመካከሉ ትከሻዬ ስለተሻለው አንድ ቀን ግንባሬ ላይ የወረደችውን ጥቅል በዚያው በስፌት መቀስ ነካ አደረግኋት፤ እጅግ ትንሽ ነበረች፤ ማንም ያያታል ብዬ አላሰብሁም። በቀጠሮዬ ቀን ሄጄ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል ባለሙያዋ ጥቅሏን በሁለት ጣት ይዛ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና «ይህችን ደግሞ ማን ነካት?» አለችኝ።