መጋቢት ላይ ልብሳቸውን ቀይረው የሚሄዱ ወፎች

አውሮፓ ውስጥ ማርች ሲገባ ወፎቹ ተመለሱ ተብሎ ይወራል። ከእነዚያ ወፎች አንዳንዶቹ ከመስከረም ጀምሮ የከረሙት እኛ ዘንድ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ሰው በየካቲትና በመጋቢት የሚያየው መነሻቸውን ነው። መነሻው ደግሞ ከመምጫው ይበልጣል፤ በመስከረም ደብዝዘው የገቡት አምረው ነው የሚሄዱት።

ጀማሪ ከቀበና ወንዝ ይነሳ። ፀሐይ ስትወጣ፣ 12፡30 አካባቢ፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ውሃው ከድንጋይ ጋር የሚጋጭበትን ቦታ መቃኘት ነው። ረጅም ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች የምታወዛውዝ ቀጭን ወፍ፣ በእንግሊዝኛ ግሬይ ዋግቴል የምትባለው እንግዳ፣ ትፈለጋለች። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ ደጋ ወንዞች ላይ ዓመቱን ሙሉ የምትኖር ዘመድ አለቻት። የአገሯ ልጅ ሆዷ ነጭ ሆኖ ደረቷ ላይ ጥቁር መቀነት አላት። እንግዳዋ ጀርባዋ ግራጫ፣ ከጅራቷ ሥር ደማቅ ቢጫ ናት። ወንዱን ደግሞ በየሳምንቱ ጉሮሮውን ይዩት፦ በጥር ነጭ የነበረው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣና ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ጥቁሩ ሞላ ማለት ጉዞው ቀርቧል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ሥላሴ ካቴድራል ዛፎች። ቅጠል ለቅጠል እየዘለሉ ትንኝ የሚለቅሙት፣ 10 ግራም ገደማ የሚመዝኑት አረንጓዴ ቡናማ ወፎች ሁለት ዓይነት ናቸው። እግሯ የጠቆረውና ጅራቷን ወደ ታች ደጋግማ የምትነቀንቀው አንዷ (ቺፍቻፍ)፣ እግሯ የፈዘዘው ሌላዋ (ዊሎው ዋርብለር)። ጥላ ውስጥ ሁሉም እግር ጥቁር ስለሚመስል ብርሃን ላይ እስክትወጣ መጠበቅ ነው።

ጭላትን በተመለከተ ቶሎ መፍረድ አይገባም። ከተማው ላይ የሚያንዣብበው የእኛው ጭላት መንቆሩ ቢጫ ነው፤ የአውሮፓው ጫፉ ጥቁር ነው። ግን የእኛውም ጫጩት መንቆሩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚያድገው። የመስቀል ወፍም ስደተኛ አይደለም። በዚህ ስም ከሚጠሩት አብዛኞቹ የትም አይሄዱም፤ ወንዱ ደማቅ ላባውን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሚሆን ነው የጠፋ የሚመስለው።

ባይኖኩላር 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ወፏ ከመታወቋ በፊት ትበራለች። ቤተ መንግሥትና ኤምባሲ አጥር አጠገብ ግን ከቦርሳ ባይወጣ ይሻላል፤ ለጥበቃው ወፍ ነው የማየው ብሎ ማስረዳት ጠዋቱን ይበላል።

ማስታወሻ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ መጋቢት 1 ማርች 10 ነው። ሄደው ምንም ያላዩበትን ቀንም አይዝለሉ። የመጣችበት ቀን ስትታይ ይታወቃል፤ የሄደችበት ቀን ግን የሚገኘው ባዶ ከተጻፉት ቀናት ነው።