ኢክ የገባበትን የኮራል ገንዳ እንዴት አጸዳሁት

የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ዓሣው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ መድኃኒት ገዝቶ ውሃው ውስጥ መጨመር ነው። ኮራል ላለበት ገንዳ ግን ይህ አይሆንም። ነጠብጣቡን የሚያመጣውን ኢክ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ አስተማማኝ በሆነ መንገድ ከሚገድሉት አንዱ መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን አብሮ ይፈጃል። ስለዚህ ዓሣው ወጥቶ ሌላ ቦታ ይታከማል፣ ገንዳው ያለ ዓሣ ይከርማል። ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አድካሚ ነው፣ ቢመለስብኝ ግን ያለ ማመንታት እደግመዋለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ገንዳዬ 75 ጋሎን፣ ማለትም 284 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሮያል ግራማና አንድ ሐምራዊ ታንግ አሉበት። ታንጉ የቀይ ባሕር ዓሣ ነው። እኛ በካርታ ላይ እያየን ያደግነው ባሕር እንዲህ ያለ ፍጥረት እንዳለው ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነውና፣ ለእሱ ያለኝ ፍቅር ይለያል። በሽታውም ቀድሞ የታየው እሱ ላይ ነው፤ ታንጎች ለኢክ በቀላሉ ይጋለጣሉ።

መድኃኒት ከመንካቴ በፊት በሽታውን ለመለየት ጊዜ ወሰድኩ። ኢክ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ክሪፕቶካሪዮን ኢሪታንስ፣ ክንፍና ገላ ላይ ጨው የተበተነ ይመስላል፤ ነጠብጣቡ ሊቆጠር ይችላል፣ ዓሣውም ገላውን ከድንጋይ ጋር ያሻል። ቬልቬት የሚባለው አሚሎኦዲኒየም ግን በጣም የደቀቀ ስለሆነ አይቆጠርም። ዓሣው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ከፓምፑ ፊት ወራጁ ውስጥ ይቆማል፣ ካልታከመም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። ክላውንፊሽ ላይ ወፍራም ንፍጥ የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ ብሩክሊኔላ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መዳብ አያድነውም፣ ፎርማሊን ነው የሚፈልገው። የእኔው ኢክ ነበር።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው ነጠብጣቡ በራሱ ሲጠፋ ነው። ዓሣው የዳነ ይመስላል። ጥገኛው ግን ዓሣው ቆዳ ሥር ለጥቂት ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ ተመግቦ ይወርድና አሸዋና ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ጠንካራ ሽፋን ይለብሳል። እዚያ ውስጥ እየተከፋፈለ ይባዛል፤ ከአንዱ ከ200 በላይ ሊወጡ ይችላሉ። የወጡት ዋኝተው በአንድ ሁለት ቀን ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። የገንዳው ፈውስ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ዓሣ ከሌለ ዘሩ ይቋረጣል። የተለጠፉት ብዙዎቹ በአንድ ወር ውስጥ ይፈለፈላሉ፣ በላብራቶሪ ግን እስከ 72 ቀን የቆዩ ተመዝግበዋል። አሳዳጊዎች 76 ቀን የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው፤ እኔም ከዚያ በታች አልወረድኩም።

ነጭ ሽንኩርት ከምግብ ጋር ስጥ፣ አጽጂ ሽሪምፕ ግዛ ያሉኝ ነበሩ። ጥገኛው ከቆዳው ሥር ስለሆነ ሽሪምፑ አያገኘውም። ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራትም የሚዋኙትን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ የተለጠፉትን አይነካም። ገንዳው በጣም ትልቅ ሆኖ ዓሣ ማውጣት የማይቻልበት ሰው በዩቪና በጥሩ ምግብ ተከላክሎ መኖርን ቢመርጥ ይገባኛል፤ ታንግ ላለው ሰው ግን አልመክርም።

ዓሦቹን ለመያዝ ድንጋዮቹን ከነኮራላቸው የገንዳው ውሃ፣ ማሞቂያና ፓምፕ ወዳለበት ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አወጣሁ፣ ከዚያ ውሃውን ዝቅ አደረግሁ። መረብ ይዞ በድንጋይ መሃል ከማሳደድ ይህ ለዓሣውም ይሻላል።

ለይቶ ማቆያው ባለ 20 ጋሎን ባዶ ገንዳ ነው፦ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ፣ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ መደበቂያ የሚሆኑ የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጮች። አሸዋና ድንጋይ አይገባበትም፣ መዳቡን ይመጥጡታልና። ስፖንጁ አስቀድሞ ዋናው ገንዳ ውስጥ የከረመ ስለነበር የዓሣን ቆሻሻ የሚያጣራው ባክቴሪያ ዝግጁ ነበር። የተጠቀምኩበት ኪሌትድ የሚባለውን የመዳብ ዓይነት ነው፤ መጠኑን በጥቂት ቀናት ቀስ እያልኩ ወደ 2.0 ሚሊግራም በሊትር አድርሼ፣ ከ2.5 ሳላሳልፍ ለ30 ቀን አቆየሁት። አዮኒክ የሚባለው ዓይነት መጠኑ 0.15 እስከ 0.20 ብቻ ነው፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው የወሰደ ሰው ወይ ዓሣውን ይገድላል ወይ ምንም አያክምም። መዳቡን በየቀኑ የለካሁት በዲጂታል የሃና መለኪያ ነው፣ ቀለም በዓይን ማወዳደር ለዚህ ሥራ አይበቃም።

ለይቶ ማቆያ ውስጥ ከኢክ ይልቅ የሚያስፈራው ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣው መርዛማ አሞኒያ ነው። አሞኒያን ያስራሉ የሚባሉት ፈሳሾች ደግሞ ከመዳብ ጋር ሲገናኙ መዳቡን ይበልጥ መርዛማ ሊያደርጉት ስለሚችሉ አልነካኋቸውም። ያለው መፍትሔ ውሃ መቀየር ነው፤ አዲሱን ውሃ ግን ቀድሜ በተመሳሳይ መጠን መዳብ እጨምርበታለሁ፣ አለዚያ መጠኑ ይወርዳል። ታንጉ መዳብ ውስጥ ሲገባ ምግብ አቆመ። በቅንጥብ የተያዘ ኖሪ፣ ማለትም የደረቀ የባሕር አረም ቅጠል፣ በጠዋትና በማታ እየለወጥኩ ሳልሰለች ጠበቅሁት፣ በመጨረሻ መግመጥ ጀመረ።

ዋናው ገንዳም ዝም ብሎ አይተውም። ዓሣ ሲጠፋ ቆሻሻውም ይጠፋል፣ ለኮራሎቹ ምግብ የሚሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ዜሮ ይጠጋሉ፣ ኮራሎቹ መገርጣት ይጀምራሉ። ስለዚህ ለሽሪምፖቹም ለኮራሎቹም የሚሆን በረዶ የሆነ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረት) በትንሽ በትንሹ እሰጥ ነበር፣ ሁለቱንም መጠኖች እየለካሁ። የገንዳው መረብና ባልዲ ከለይቶ ማቆያው ጋር ፈጽሞ አልተቀላቀለም፤ አንድ እርጥብ መረብ የሁለት ወሩን ልፋት ሊያበላሽ ይችላል።

ያን ጊዜ ገንዳው ውስጥ ከረጅም ጊዜ ወዲህ የገባ አዲስ ዓሣ አልነበረም፤ የገቡት የኮራል ቁራጮችና ቀንድ አውጣዎች ብቻ ናቸው። ሽፋን የለበሰው ጥገኛ የኮራሉ መሠረት ላይ ወይም ቅርፊት ላይ ተለጥፎ መጓዝ ይችላል። አሁን እነሱም እንደ ዓሣው ተራቸውን ይጠብቃሉ፦ መብራት፣ ማሞቂያና አነስተኛ ፓምፕ ባለበት፣ ዓሣ ባልገባበት ሳጥን ውስጥ 76 ቀን። ኮራል የሚገዙ ወዳጆቼ ጊዜው በዛ ይሉኛል። የሳጥኑና የመብራቱ ወጪ ግን ከአንድ ሐምራዊ ታንግ ዋጋ ያንሳል።