«ሲስተር፣ እርስዎን እየጠበቅኩ ነበር»

አዋላጅ ነርሶችን ማሠልጠን ስጀምር ከልምምድ በኋላ ያለውን ውይይት፣ ዲብሪፊንግ የምንለውን፣ የቁጣ ሰዓት አድርጌው ነበር። ቼክሊስቴን ይዤ እቆማለሁ። «ይህን ረሳሽ፣ ያንን ዘለልክ» እላለሁ። አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። «ጥያቄ አለ?» ስል ጭጭ። ገባቸው ብዬ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ስኪል ላብ፣ በአሻንጉሊት የምንለማመድበት ክፍል ውስጥ፣ ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን እንረዳለን። ማድረቁና ማነቃቃቱ ካልሠራ፣ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ፣ ማስክ ባለው በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት፣ ማስተንፈስ መጀመር አለበት። «ወርቃማዋ ደቂቃ» የምትባለው ይቺ ናት። ተማሪዋ አሻንጉሊቱን አደረቀች፣ ጀርባውን አሸች፣ ማስኩን አነሳች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። 2 ደቂቃ አለፈ።

የዚያን ቀን ጉንፋን ድምፄን ዘግቶታል። እንደ ልማዴ መለፍለፍ አልቻልኩም። «ማስኩን ይዘሽ ስትቆሚ አየሁ። ሕፃኑ አየር ሳያገኝ መቆየቱ አስጨነቀኝ። ያኔ ምን እያሰብሽ ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ለአስተማሪ እንዲህ ያለ ዝምታ ጭንቅ ነው፤ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ።

«ሲስተር፣ ‹ቀጥይ› እስኪሉኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

አንዱ ቀበል አድርጎ፣ ዋርድ ላይ፣ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል፣ ሳይፈቀድለት ዕቃ የነካ ተማሪ እንደሚቆጡት ነገረኝ። ልጅቷ በደቂቃ 40 ትንፋሽ እንደሚሰጥ እንኳ በቃሏ ታውቃለች። እኔ የእውቀት ክፍተት ያልኩት ፍርሃት ኖሯል። ቼክሊስቴ ላይ ደግሞ ለፍርሃት ቦታ የለም።

አጠያየቁ የኔ ፈጠራ አይደለም። የቦስተን የሲሙሌሽን (የማስመሰል ልምምድ) አሠልጣኞች እ.ኤ.አ. በ2006 ጽፈውበታል። ያየኸውን አትሸፋፍን፣ ግን ተማሪው ለምን እንዳደረገው ከልብህ ጠይቅ ነው ነገሩ። አሁን ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ እኔም እቀመጣለሁ። ከልምምዱ በፊት «እዚህ ስህተት ማርክ አይቀንስም፤ ሕፃኑ ካልተነፈሰ ማንንም አትጠብቁ» እላለሁ። ከውይይቱ በኋላ ያንኑ ልምምድ ወዲያው እንደግመዋለን። ያቺ ልጅ ስትደግመው ደቂቃዋ ሳትሞላ ጀመረች። ወደኔ ዞርም አላለች።

አንድ ጊዜ ግን ተሳስቻለሁ። ዋርድ ላይ እውነተኛ ሕፃን በሞተብን ቀን ተማሪዎቹን እዚያው ሰብስቤ «ምን እያሰባችሁ ነበር?» አልኩ። አንዷ ተነስታ እያለቀሰች ወጣች። አሁን እንዲህ ባለ ቀን መጀመሪያ ሻይ እናፈላለን። ጥያቄው ለነገ ይደርሳል።