የሃሚልተኖቹ ጁኒየር ቦይስ

ትናንት ከሥራ ስንመለስ መኪና ውስጥ ለጓደኞቼ የጁኒየር ቦይስን፣ የካናዳዋ ሃሚልተን ከተማ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ፣ «ሶ ዚስ ኢዝ ጉድባይ» የተባለውን አልበም ከፈትኩላቸው፣ የ2006ቱን (እ.ኤ.አ.)። ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛችን ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ «ይሄ እኮ ያስተኛል፣ ሰርግ ላይ ይከፈት እስቲ!» ብሎ አሳቀን። አጠገቤ ያለችው ግን ዝም ብላ ቆይታ፣ ድሮ አሜሪካዊው ፍራንክ ሲናትራ የዘፈነው «ዌን ኖ ዋን ኬርስ» ላይ ሲደርስ፣ ያ የባንዱ ዘፋኝ ጄረሚ ግሪንስፓን ጆሮህ ሥር እንደሚያንሾካሹክ ሆኖ የሚዘፍነው፣ «መልሰው» አለች። ሲያልቅ ደግሞ «አንዴ ድገመው»።

አልበሙ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ፖላሪስ ለተባለው የካናዳ የአልበም ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። እዚሁ ኦንታሪዮ፣ በገዛ አገራቸው፣ ስማቸውን ስጠራ ግን «እነማን?» የሚለኝ ይበዛል። ጭፈራ የሚፈልግ ቀርፋፋ ይለዋል፣ ማታ ብቻውን የሚሰማው ደግሞ አይለቀውም። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ።