«ሶሪ»ን በእንግሊዝና በኬንያ እንግሊዝኛ ሳወዳድር ያስመረረኝ ነገር

ናይሮቢ ውስጥ ደረጃ ላይ ለተደናቀፈ ሰው ምንም ያላደረገው መንገደኛ «ሶሪ» ይለዋል። እኛ «እኔን!» የምንልበት ቦታ ነው። ለንደን ላይ ግን እንዲህ ሲሉት፣ የተደናቀፈው ሰው «አንተ ምን አደረግህ?» ብሎ ግራ ሊጋባ ይችላል። የሁለቱን ልዩነት በቁጥር ማሳየት ለሚፈልግ ይህን ልንገረው።

መረጃ ማውጣቱ ቀላል ነው፦ ከዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ኮርፐስ (ለጥናት ከተሰበሰበ የንግግርና የጽሑፍ ክምችት) የብሪታኒያንና የምሥራቅ አፍሪካን ክፍል ወሰድኩ፣ አንትኮንክ በሚባል የቃል መፈለጊያ ፕሮግራም «ሶሪ»ን ፈለግኩ፣ ውጤቱን ኤክሴል ላይ ገለበጥኩ።

መከራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፕሮግራሙ የሚያየው ፊደል ብቻ ስለሆነ ይቅርታውን፣ ማዘኑን፣ «አልሰማሁህም» ማለቱን፣ «ሰኞ፣ ሶሪ፣ ማክሰኞ» ብሎ ራስን ማረሙን፣ «ሶሪ ስቴት» (አሳዛኝ ሁኔታ) ውስጥ ያለውን ቅጽል ሁሉ አንድ ላይ ይዘረግፈዋል። የስልት መመሪያዎች «እንደ ተግባሩ መድበው» ብለው ያልፋሉ፤ እንዴት እንደሚመደብ ግን ትንፍሽ አይሉም! አንድ መስመር አይበቃም፤ ከፊትም ከኋላም አምስት አምስት ተራ ንግግር አንብቡ። ከሁሉ የሚያዋጣው መልሱን ማየት ነው፦ ሰሚው «ታንክ ዩ» ካለ ያዘነለት ነው፤ «ኢትስ ኦኬ» ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቅርታ ነው። መልስ የሌለውን «ያልታወቀ» በሉና ለብቻ አስቀምጡት፤ በግምት አትመድቡ።

እያንዳንዱን «ሶሪ» የሚመድቡት ሰዎች በአንድ ቤት የሠለጠኑ ይሁኑ የሚለውን ምክር አልቀበልም። አንዱ ኬንያዊ፣ አንዱ እንግሊዛዊ ይሁን። የማይስማሙበት ቦታ ራሱ የምትፈልጉት ግኝት ነው።

ስሌቱም ወጥመድ አለው። የብሪታኒያው ክፍል በ500 ጽሑፎች አንድ ሚሊዮን ያህል ቃል ይዟል፤ 300ው የንግግር ነው። «ሶሪ» ግን የሚበዛው በግል ጭውውት ነው፤ እሱ ደግሞ 100 ጽሑፍ፣ ወደ 200,000 ቃል ነው። ለሚሊዮኑ ካካፈላችሁት ልዩነቱ ይሟሟል። የምሥራቅ አፍሪካው ክፍል አከፋፈሉ የተለየ ስለሆነ የጭውውቱን ቃላት ራሳችሁ ቁጠሩ። አንድ ተናጋሪ ደጋግሞ ያለውንም ቃሉ ከተገኘባቸው ጽሑፎች ብዛት ጋር አመሳክሩ፤ አንድ ይሉኝታ የበዛበት ሰው ሠንጠረዡን ያዛባል።

«እንዲህ ቢሆን ምን ትላለህ?» የሚል መጠይቅ ከጨመራችሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን ሁኔታዎች እንዳሉ አትቅዱ። ኩባያ ሰበርክ፣ ዘገየህ፣ መጽሐፍ ሳትመልስ ቀረህ፦ ሁሉም ተናጋሪውን ጥፋተኛ ያደርጋሉ፣ የኬንያው «ሶሪ» በጭራሽ ብቅ አይልም። ግማሹ ተናጋሪው እጁ የሌለበት ይሁን፦ ባልደረባው ላይ ሻይ ተደፋ፣ ጎረቤቱ ታመመ። እነዚህን አስቀድሙ፤ መላሹ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ አራተኛውንም በልማድ ይቅርታ ያደርገዋል።