የእምዬ መስክ ሚዛን ላይ

ባለፈው መስከረም፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለውን የአያቴን የእምዬን የግጦሽ መስክ ልለካ ተነሳሁ። ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ፀሐይ ሣሩ ላይ የምታፈሰው ጉልበት የት ይገባል? ትምህርት ቤት የምግብ ሰንሰለትን ቀስት እየሳልኩ ነው ያለፍኩት። በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር።

አራት ካስማ ተከልኩና በሲባጎ አንድ ካሬ ሜትር ከለልኩ። ሣሩን ከሥር አጭጄ በሱቅ ሚዛን መዘንኩት፤ 900 ግራም። ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ለካ አብዛኛው ውኃ ነው! የጠዋት ጤዛም ነበረበት። ሰሌን ላይ አሰጣሁት፤ ማታ ማታ እያስገባሁ በየቀኑ መዘንኩት። በ5ኛው ቀን ክብደቱ መቀነሱን አቆመ፤ 240 ግራም። ደረቅ ሣር በአንድ ግራም ወደ 4 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ ካሬ ሜትሯ 960 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነበራት።

ሌላም ስህተት ነበረኝ። የመረጥኩት ቦታ ዓይን የሚስበውን፣ ለምለሙን ነው። በኋላ እርምጃ እየቆጠርኩ፣ እግሬ በቆመበት ሁሉ፣ ድንጋያማውንም ጨምሬ አሥር ቦታ ለካሁ። አማካዩ በጣም ወረደ። ደግሞ የቆመ ሣር መለካትና የበቀለ ሣር መለካት ይለያያሉ፤ ላሞቹ የበሉት ከሚዛኔ ውጭ ነዋ። ስለዚህ ሁለት ቦታ በቀጋ እሾህ አጠርኩ።

ሬይመንድ ሊንድማን የተባለ አሜሪካዊ በ1942 እ.ኤ.አ. ሐይቅን እንዲህ በጉልበት ቋንቋ አስልቶ ነበር። ከአንዱ የምግብ ሰንሰለት ደረጃ ወደ ላይኛው የሚሻገረው ጉልበት ብዙ ጊዜ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው ይባላል። ቁጥሩ ግን ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ደመ ሙቅ እንስሳማ ከፈጨው ምግብ አብዛኛውን ለመኖርና ሰውነቱን ለማሞቅ ያቃጥለዋል። በእኛ ውርጭ ሌሊቱን ሜዳ ላይ የምታድር ላም ምን ያህል እንደምታቃጥል አስቡት። መንዝ ጓሳ ላይም ይኸው ነው፤ ሣሩ ሰፊ፣ አይጡ ብዙ፣ አይጡን የሚበላው ቀይ ቀበሮ ግን ጥቂት። ያ ሁሉ ጓሳ ጥቂት ቀበሮ ብቻ ቢያኖር አይገርመኝም፤ ሰው ለማነሱ ምክንያት አድርጎ ደጋግሞ የሚያነሳው ውሻና በሽታ እንዳለ ሆኖ።

ሂሳቤ ግን አልገጠመም። ከሣሩ ወደ ላሟ የሄደውን ገምቼ፣ ሥጋዋንና ወተቷን ደምሬ፣ ብዙ ጎደለኝ። የተነፈሰችውንና ያሞቀችውን ብቀንስም ጎደለ።

እምዬ ምድጃ ሥር ተቀምጣ ኩበት ትሰብር ነበር። "ምን ጠፋብህ ልጄ?" አለችኝ። "ላሟ የበላችው ሣር ጠፋብኝ" አልኳት። እጇ ላይ የያዘችውን ኩበት ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። "ይኸው፤ ምሳህን የሚያበስለው ማን መሰለህ?"

ዝም አልኩ። ላም ከምትበላው ደረቅ ሣር ግማሽ የሚጠጋው ሳይፈጭ በእበት ይወጣል። እኔ ይህን ረስቼ ነበር። እበቱ ሜዳ ላይ ቢቀር ጢንዚዛና ባክቴሪያ ይበሉት ነበር፤ ብስባሹ የእነሱ ድርሻ ነው። እኛ ዛፍ ባነሰበት ደጋ ስለምንኖር በእሳት እንወስድባቸዋለን።

እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አለ፤ ጉልበት አይዞርም። አንዴ ሙቀት ሆኖ ከወጣ ወደ መስኩ አይመለስም፤ ፀሐይ በየቀኑ አዲስ ትሰጣለች። የሚዞረው ንጥረ ነገሩ ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው በጢስ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመድ ውስጥ ይቀራል።

ለእምዬ ይህን ነገርኳት። ኩበት አታንጂ አላልኳትም፤ በምን ታብስል? አመዱን ግን አጠራቅማ ለገብሱ እርሻ አንድ ጥግ ላይ እንድበትነው ፈቀደችልኝ። ያንን ጥግም በሲባጎ ከልዬዋለሁ።